ያላየሁት ደም

ደብረ ታቦር ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ፣ ርቆ ሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ የተቀመጠ ማይክሮስኮፕ የኔም ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ካሜራ ተገጥሟል። የካሜራው የዩኤስቢ ገመድ አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኗ ምስሉን በኔትወርክ ወደኔ ታሻግረዋለች። ኮምፒውተሬ ካሜራው ራሱ ላይ የተሰካ ይመስለዋል። እኔንም እዚያው ያለሁ አስመሰለኝ፤ መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

እዚያ የሚሠሩት ሰው የደም ምርመራ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጀምሮታል። ደሙን መስተዋት ላይ ቀብተው፣ አቅልመው፣ ካሜራው ሥር ቦታ በቦታ፣ እስከ መቶ ቦታ ያንቀሳቅሱታል። እኔ ከዚህ ሆኜ እያየሁ ወባ አለ ወይም የለም እላለሁ። መምህሩ አቅራቢ፣ ተማሪው ፈራጅ ሆንን ማለት ነው። ይህን ያቀደ ሰው የኛን አገር ሽማግሌ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መስመሩ ሲደክም ምስሉ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ተገናኝቷል እያለ ይዋሻል። ስለዚህ አንዳንዴ "ጋሼ፣ እንደገና ያንቀሳቅሱልኝ" እላቸው ነበር። አንድ ቀን ሁለቴ ብላቸው፣ "ያላሳየሁህን አሳየሁ የምል ይመስልሃል?" አሉኝ። በስልክ እያወራሁ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲህ "እንደገና" ማለት ከበደኝ።

አንድ ከሰዓት ደወሉ።

"አንዲት አራስ መጥታለች። ትኩሳት ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ደጅ ቆሟል። መድኃኒት ልስጣት ወይስ ልሸኛት፣ ያንተን ቃል ነው የምጠብቅ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ የጀመርኩትን ሥራ ልጨርስ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄድኩ። ለአንዲት ደቂቃ ነው ብዬ ነበር። ስመለስ ጋሼ፣ "መቶውን ቦታ አዞርሁልህ፤ ምን አየህ?" አሉኝ። ስክሪኑ ላይ ንጹሕ ደም ነበር። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው መቶ ቦታ ሲያዞሩ እኔ አልነበርኩም እንዴት ይባላል?

"የለም" አልኩ።

"መልካም፣ አንተ ካልህ" አሉና ዘጉት።

ሴትዮዋ የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ሄደች። ከቀናት በኋላ ብሶባት ባሕር ዳር ሆስፒታል ሲያደርሷት ደሟ በወባ ተሞልቶ ነበር፤ አልተረፈችም። ወሬውን ስሰማ የዚያን ቀን ምስሎች ከፈትኩ። የሷ ብዬ ያስቀመጥኩት፣ ከሷ በፊት የተመረመረ የአንድ ሽማግሌ በሽተኛ ደም ነው። ጥጉ ላይ ያለችው ብናኝ እንኳ አንድ ናት። ምስሉ ቆሞ ነበር። ከሷ ደም አንዲት ጠብታ አላየሁም።

ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ሰው። ምነው የቀረብኝ ደጃዝማችነት በሆነ።

ከዚያ በኋላ ያ ኮምፒውተር አስፈራኝ። ሜዳው ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኗ ራሷ ትነሳለች፤ ኮምፒውተሬም ዕቃ ሲሰካበት የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማል። ጤና ጣቢያው በተዘጋበት እሑድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስክሪኑ ላይ የማይክሮስኮፑ ክብ ብርሃን ይመጣል። ሥሩ ምንም የለም። እኔ ግን አንድ ሰው አስቀምጦልኝ ቃሌን የሚጠብቅ ይመስለኝና "አቤት" እላለሁ። ሰው የሰማኝ ቀን ሳል ነው ብዬ ሸፈንኩት።

ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ሐሙሲት ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከጠረጴዛው መነሳቴን፣ መዋሸቴን፣ የቆመውን ምስል። ዱላቸውን እያሻሹ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"እኔ አይቸው ነበር" አሉ።

"ምኑን?"

"ወባውን። ካንተ ጋር ስልኩን ይዤ በማይክሮስኮፑ መነጽር ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ሦስት አራት ቦታ። አንተ የለም ስትል፣ ዓይኔ ነው ያታለለኝ ብዬ ተውሁት።"



"ታዲያ ጋሼ፣ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተስ?" አሉኝ።