ልናገረው የነበረውን ማዳም ቀድማ ተናገረችው

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን... ሪቃይ በሚባል የዓረብ አገር ሰፈር፣ በሠራተኝነት ያለሁበት ቤት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ አንድ የዓረብኛ ንግግር እለማመዳለሁ። «ማዳም፣ ኸላስ፣ ማ አግደር።» በቃኝ፣ አልችልም ማለት ነው። ኮንትራቴ ሊያልቅ አምስት ወር ይቀረዋል። እኔ ግን ያን ቀን ነግሬያት አገሬ ልገባ ቆርጬ ነበር።

እዚህ ቤት አራት ዓመቴ ነው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ማዳም አስተማሪ ናት፣ ሦስት ልጆች አሏት። ኩማሪ የምትባል የስሪላንካ ሴት አብራኝ ትሠራ ነበር፤ እሷ ምግቡን፣ እኔ ጽዳቱንና ልጆቹን። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው። ሲደክመኝ ካውያውን ከእጄ ትቀማኛለች፣ ወገቧን ሲያማት ድስቱን እኔ አነሳላታለሁ። በተሰባበረ ዓረብኛ የማናወራው ነገር አልነበረም። ሳቃችን ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

ኩማሪ ልጇን ልትድር ሄዳ በዛው ቀረች። ማዳም በሷ ቦታ ሌላ ሰው ባቺር ትመጣለች አለችኝ... ነገ ማለቷ ነው። ባቺር ሦስት ወር ሆነ።

መጀመሪያ የሄደው እንቅልፌ ነው። ከዛ የዓርብ እረፍቴ ቀረ፣ ልጆቹን የሚይዝ የለማ። ዓርብ ሲቀር ከወሎ ልጆች ጋር መገናኘቱም ቀረ። ቀጥሎ እናቴ ጋ መደወል ታከተኝ። ኮምቦልቻ ሆና ደህንነቴን ስትጠይቀኝ «አልሐምዱሊላህ» እልና ዝም። አንዱ ሲሄድ ሌላውን ጎትቶ ይሄዳል። ግቢውን አጥቤ በማግስቱ አቧራ ሲያለብሰው እንኳን መናደድ አቃተኝ... ያስፈራኝ እሱ ነው።

ደላል፣ የአራት ዓመቷ ልጃቸው፣ አንድ ቀን ለምን የጅቡን ድምፅ እንደማላወጣ ጠየቀችኝ። ተረት ስነግራት እንደ ጅብ እጮህላት ነበር። ሞከርኩ... አልወጣም።

ያን ማክሰኞ ማዳም ስምንት ሰዓት ላይ ገባች። አባያዋን አላወለቀችም። ቀጥታ ወደ ኩሽና መጥታ ሽንኩርት የምልጥበት አጭር በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። በአራት ዓመት ውስጥ እዛ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ሰው የሞተባት መሰለኝ። ቢሆንም ዛሬ ካለፈኝ መቼም አልናገረውም ብዬ ቢላዬን አስቀመጥኩ። አፌን ከፈት ሳደርግ...

«ሰዓዳ፣ ኸላስ። ማ አግደር» አለች።

ደርቄ ቀረሁ። ስለማመድ ሰምታኝ ይሆን? እያሾፈችብኝ ነው? ከዛ እንባዋን አየሁ።

ሁሉንም ነገረችኝ። አብራት የምታስተምረው ጓደኛዋ ፈቃድ ከወጣች ወዲህ የሁለት ክፍል ተማሪ እሷ ላይ ወድቋል። ከሰዓት ልጆቹን እየወሰዱ የሚያሳርፏት እናቷ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ተኝተዋል። ያን ቀን ጠዋት አንዲት ተማሪ እርሳሷ ጠፍቶባት ብትነግራት ጮኸችባት... ጮኻ የማታውቅ ሰው። ልጅቷ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች።

ቤት ስትደርስም መግባት አቅቷት በር ላይ መኪናው ውስጥ ብዙ እንደምትቀመጥ ነገረችኝ። በመስኮት አያት ነበር እኮ። ስልክ የምታወራ ነበር የሚመስለኝ።

ውሃ ሰጠኋት። የሩዝ ከረጢቱ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ማዳም... ይህን ነገር እኮ ዛሬ እኔ ነበርኩ ልነግርሽ የተዘጋጀሁት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ኩማሪ ከሄደች ጀምሮ።»

የውሃውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዛ «ሥራው ሲሠራ ሳይ ደህና መስለሽኝ ነው» አለችኝ።

እኔም እሷን ኩሏን ተኩላ፣ ሽቶዋን ነፍታ ስትወጣ እያየሁ ደህና ናት እል እንደነበር ነገርኳት። ሳቅ አመለጣት... ኩሉ ጉንጯ ላይ ወርዷል። እኔም ሳቅኩ። የራሴን ሳቅ ስሰማ እንግዳ ሆነብኝ።

ያን ቀን ምሳ አልተሠራም። ከምግብ ቤት አዘዘችና እኔን ሂጂ ተኚ አለችኝ። ከሰዓት የሚተኛ ሠራተኛ የት ታይቶ ያውቃል? ተኛሁ። ስነቃ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ደርሷል። ደንግጬ ስወርድ ባባ፣ የማዳም ባል ማለት ነው፣ የዲሽዳሻውን እጅጌ ጠቅልሎ ዕቃ ያጥባል። ሁለት ብርጭቆ ሰብሮ ስብርባሪውን በጋዜጣ እየጠቀለለ ነው። ሲያየኝ ለማዳም እንዳልናገር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። አዲሷ ሠራተኛ አሁንም አልመጣችም። ግን ልብስ የምትተኩስ ሴት በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ማዳምም ለትምህርት ቤቷ አለቃ ተናግራ አንዱን ክፍል መለሰች። እኔም ዓርቤን አገኘሁ። የመጀመሪያውን ዓርብ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት ተኛሁ፣ ሌላ ምንም አላደረግሁም። በሁለተኛው ከወሎ ልጆች ጋር ባሕሩ ዳር ኮርኒሽ ላይ ዋልኩ። እንቅልፌ ሲመለስ ትዕግሥቴን ይዞልኝ መጣ፣ ትዕግሥቴ ደግሞ ወሬዬን። ኮንትራቴን ለመጨረስ ወሰንኩ... ማዳም አልለመነችኝም፣ እኔም ቃል አልገባሁላትም፣ እንዲሁ ተግባባን።

ባለፈው ዓርብ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ባባ ብርጭቆ፣ ስለ ማዳም፣ ስለ ባሕሩ... ሳላቋርጥ አወራኋት። ትንፋሽ ልወስድ ቆም ስል፣

«አሁን ገና ደወልሽ» አለችኝ።

ኧረ እማዬ፣ በየሳምንቱ እደውል አልነበር እንዴ አልኳት።

«እሱማ ስልኩ ነው ሲደውል የከረመው፤ አንቺ አልነበርሽበትም።»

ሌላ አንድ ሰዓት አወራኋት።