ክፍል ሁለት እስኪመጣ

እኔ በየነች ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ቡና ለቅሜአለሁ። ከዛፍ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ጥቁሩንና ስባሪውን ከደህናው እየለየሁ ነው። ወገብ ይቆረጣል፣ ዓይን ይቃጠላል፤ እኔን የገደለኝ ግን መሰልቸቱ ነው። ስልክ ስገዛ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ገበያው አጠገብ ሚሞሪ የሚሞላውን ቤኪን "የሚያወራ ነገር ሙላልኝ" ስለው "ወይ ዘፈን ወይ መዝሙር፣ ሌላ የለም" አለኝ። ኤዲያ! ሰው ከዘፈንና ከመዝሙር ሌላ አያምረውም እንዴ?

በ2007 ዓ.ም. ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል ዓለምሸት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራየች። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ልብስ ስታጥብ ብቻዋን ትስቃለች።

"አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?" አልኳት።

"ፖድካስት ነው፣ እትዬ። እንደ ሬዲዮ ነው፤ ግን ሲያሻሽ ትከፍችዋለሽ፣ ሲያሻሽ ታቆሚዋለሽ።"

ከዩኒቨርሲቲዋ ኢንተርኔት ያወረደችውን በብሉቱዝ ላከችልኝ። ወይ ጉድ! ስለ ስኳር በሽታ አለ። ጨረቃ ላይ ስለወጡ ሰዎች አለ። ስለ ዓባይ ዓሣዎች፣ ስለ ውርስ ሕግ፣ ስለ ድሮ ሽፍቶች፣ በየክፍሉ የሚተረክ የፍቅር ታሪክም አለ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን በከንቱ ተሸክሜው ኖሬአለሁ። በመጨረሻ ስልኬ ሞላና "ለአንድ ብቻ ቦታ አለ፤ የሕጉ ክፍል ሁለት ይሁን ወይስ የንቡ?" አለችኝ። የሕጉን ክፍል አንድ ገና አልሰማሁትም። ደግሞ ሕግ ምን ያደርግልኛል፣ የማወርሰው የለኝ! "ንቡን" አልኳት። በማግስቱ ለአንድ ወር የተግባር ልምምድ ወደ ቦንጋ ሄደች።

መጋዘን ውስጥ ካቦው አንድ ጆሮ ብቻ ነው የፈቀደልኝ፤ በሌላው የእሱን ጩኸት እንድሰማ። የሰማሁትን አብረውኝ ለሚለቅሙት ሴቶች እነግራለሁ። እኔ ሳወራ እጄ ስለሚዘገይ እነሱ ከክምሬ እየዘገኑ ይለቅሙልኛል። ስለ ንቧ ንግሥት የነገርኳቸው ቀንማ ግማሹን ክምር ጨረሱልኝ። በተለይ ሰሎሜ ንቧን ደጋግማ ታስነግረኛለች። ሰሎሜ የሸኮ ልጅ ናት፤ ባሏ አምና ሞቶባት ሰኞ ሰኞ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ቅዳሜ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች።

አንድ ማክሰኞ የሕጉን ክፍል አንድ ከፈትኩ። ሰውየው ግማሽ ሰዓት ስለ ውርስ ሲያወራ ቆየና "ባሏ የሞተባት ሴት፣ የባሏ ወንድም የቡና መሬቷን ቢወስድባት ምን ታድርግ? በክፍል ሁለት እንመለስበታለን" ብሎ ሙዚቃውን ለቀቀው። ይህንኑ ለሴቶቹ ስነግር የሰሎሜ እጅ ቡናው ላይ ቆመ።

"እኔን ነው" አለች።

ነገሩን ያን ቀን አወጣችው። የባሏ ወንድም ጴጥሮስ "ቡናው የአባቴ ነው" ብሎ ይዞባታል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ለምነውት "ግማሹን ትውሰድ" ብሏል። እሷ እሑድ "እሺ" እንድትል ነበር የሚጠበቀው።

"ግማሽ?" ብዬ ጮህኩ። "አትቀበዪ! በሞቴ፣ ክፍል ሁለት እስኪመጣ እንዳትናገሪ! ሕጉን ሳታውቂ እሺ ትያለሽ እንዴ?"

"እሺ፣ እትዬ" አለችኝ። ለእኔ አለችው እሺታውን።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ጠላቴ አይየው። ዓለምሸት ጋ ስደውል ስልኳ አይገኝም። ስትገኝ ደግሞ "እትዬ፣ እኔም አልሰማሁትም፤ እዚህ ያለው ኔትወርክ አይልክም" ትላለች። ቤኪ ጋ ሄድኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሐሙስ ኔትወርክ መጣ፤ እያወረደልን፣ እኔ የምታድገዋን ቁጥር ቆሜ እያየሁ፣ ዘጠና ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ! ቤኪ ሳቀ። ስልኩን ጭንቅላቱ ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት እየጠፋ ቀረ።

ሰሎሜ ሰኞ ሰኞ ከሚኒባስ ወርዳ እግሯ መጋዘን እንደገባ "መጣ?" ትለኛለች።

"አልመጣም።"

ለሽማግሌዎቹ "ጊዜ ስጡኝ" ብላ አንድ እሑድ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ጴጥሮስ ብድግ ብሎ "ግማሹን ንቃዋለች፤ እንግዲህ እኔም የለሁበትም" አለ። ሽማግሌዎቹም "ለምነን አምጥተንልሽ ነበር" ብለው ተነሡ። በዚያው ሳምንት ጴጥሮስ ለቃሚ ቀጥሮ የቀላውን ቡና ሁሉ አስለቀመ፣ ዙሪያውንም አጠረው። ሸኮ ላይ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይሏታል አሉ። ማን እንዳስጣላት አላወቁ!

ዓለምሸት በአራተኛው ሳምንት መጣች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ክፍል ሁለትን አስላክኳት። በማግስቱ ካቦው ሚዛን ሊያስተካክል ሲወጣ አንዱን ማዳመጫ ለሰሎሜ ሰጠሁ፣ አንዱን እኔ ሰካሁ። ሴቶቹ ሁሉ መልቀም ትተው አፋችንን ያያሉ።

ሰውየው ሰላምታውን አንዛዛው። ደብዳቤ ለጻፉለት ምስጋና አቀረበ። ስለ ክፍል አንድ እንደገና አወራ። "ኧረ ወደ ነገሩ ግባ!" አልኩት ጮክ ብዬ። በመጨረሻ ገባ።

"የሰው ጉዳይ እንደየመልኩ ይለያያል፤ ስለዚህ በአቅራቢያዎ የሚገኝ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ" አለ። "ከሁሉ በፊት ግን በሽማግሌ የተገኘ ዕርቅ ካለ እሱን ማጽናት ይሻላል።"

ሙዚቃው መጣ። አለቀ።

"ይኸው ነው?" አልኩ። "ይኸው ነው እንዴ? የት አባቱ! ይህን ለማለት ነው ወር ሙሉ ያስቀመጠን?" ስልኩን ስሰድብ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሰውየውን እንዳልሆነ የምሰድበው እነሱም ያውቃሉ። እሱማ መቼ ሽማግሌን እምቢ በዪ አላት!

"ፍርድ ቤት እንሂድ" አልኳት። "እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። ካቦው የፈለገውን ይበል።"

"ቡናው ተለቅሟል፣ እትዬ" አለች።

"ለከርሞ ይሆናል።"

"ለከርሞ ልጆቹ ምን ይበላሉ?"

ስልኩን አጠፋሁት።

ሰሎሜ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መዳፌ ላይ አኖረችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከእኔ ክምር እንደ ወትሮው ሁለት እፍኝ ዘግና ወደ ራሷ ክምር አዞረች።

"የንቧን አውሪልን" አለችኝ።