የጦጣይቱ ከሳሽና ቁራኛው

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሱዳን ውስጥ የቁረይሻ እርሻ ሰሊጥ ሳያፈራ ሲቀር፣ የመተማው ሰው አየነው የአጨዳ ሥራ አጣና ያሳደጋትን ጦጣ ገዳሪፍ ገበያ ላይ ማስጨፈር ያዘ። ተመልካቹ ቁራሽ ዳቦ ይጥልላቸዋል፤ ኑሮ ከተባለ ኑሮ ነው። ይህም በዝቶበት ከካርቱም የመጣ የእንስሳት መብት ማኅበር ጠበቃ፣ «ጦጣይቱን እያስራበ ያስጨፍራታል» ብሎ ከሰሰው።

ዳኛው ሁለቱንም ሰምተው ለሳምንት ቀጠሩ። ያን ጊዜ አየነው ብድግ ብሎ የነጠላውን ጫፍ ከጠበቃው ኮት ጋር ጥብቅ አድርጎ ቋጠረ። በአባቱ አገር ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ በልብስ ጫፍ ይቆራኙ ነበር፤ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። እዚህም እንደዚያው መስሎታል።

ችሎቱ በሳቅ አውካካ።

«ምን ያስቃል?» አለ አየነው ቱግ ብሎ። «እስከ ቀጠሮው ቁራኛዬ ነው! እኔ ካደርኩበት ይደር፣ እኔ የምበላውን ይብላ።»

አስተርጓሚው፣ ባለሱቁ ከማሉ፣ ቃሉን በዐረብኛ ነገረለት። ጠበቃው ሳቁ ሳይለቀው፣ «ለመሆኑ ምን ልታበላኝ ነው?» አለ።

አየነው ትከሻው ላይ የተቀመጠችውን ጦጣ ራሷን ዳበሰ።

«እሷ ጠግባ የተረፋትን።»