ዳኛው ሳያስወጣው የወጣ ሰው

በፈረንጅ 1984 ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ እዚህ ሆላንድ፣ ራይስዋይክ ከተማ በትራም ሳልፍ ነጭ የለበሱ ሰዎች ክሪኬት ሲጫወቱ አየሁና ያ እሁድ መጣብኝ።

ፒተር ስኪዳም መጋዘን አብሮን የሚሠራ ሰው ነው፤ ግን ለሆላንድ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድንም ኳስ በዱላ መቺ ነበር። ዕድሜው እየገፋ ስለሆነ የዚያን ቀን ጥሩ ካልመታ ከቡድኑ ይቀነሳል ተባለ። ጋሽ ወልዱ፣ የመጋዘኑ አለቃችን፣ ክሪኬትን አስመራ ሳሉ ከእንግሊዞች አይተውታል። ጨዋታውን እንዳይ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው።

ኳሷ መጣች፣ ፒተር ሰነዘረ፣ ከኋላው የቆመው የተጋጣሚ ተጫዋች ቀለባት። ሰዉ ጮኸ። ዳኛው ግን አልነካትም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ፒተር ዱላውን ብብቱ ሥር ከቶ ሜዳውን ለቆ ወጣ።

ክው አልኩ።

"ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው የሚሄደው?"

"ኳሷ ዱላውን ጫር አድርጋ ከተያዘች መቺው ይወጣል።"

"ዳኛው እኮ አልነካም አለ።"

"እጁ ያውቃላ።"

"እጁን ማን ጠየቀው?"

"አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ እይ" አሉኝ።

እኔ የዚያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቄ የዳኛ ቃል የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። ዳኛ ቆይ ያለው ሰው እግሩ እንዴት ይሄዳል? ፒተር ከዚያ ወዲያ ለሀገሩ አልተጫወተም። ይኸው አርጅቼም አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት መጋዘን ስገባ ከከባድ ሣጥን ጋር ሲታገል አገኘሁት። ሰላም እንኳ ሳልለው፣ በተሰባበረ ሆላንድኛዬ "ሞኝ ነህ" አልኩትና ሣጥኑን በሌላ በኩል ያዝኩለት።