ሦስት ማባበያ ለጊቤ ቢልጫ

ዓርብ፦ በቡኢ አድርጎ ወደ ቡታጅራ

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዘንጌን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ከቤት ወጣሁ። አዲስ አበባ መናኸሪያ ስደርስ የሚኒባሱ ረዳት ገና ከሩቅ አየኝና፣ "እናት፣ የመጋረጃ ብረቱ ትርፍ ያስከፍላል" አለኝ። የዓሣ ማጥመጃ ነው ስለው ይባስ ብሎ ሹፌሩን ጠራና ሁለቱም ሳቁብኝ። ለምጄዋለሁ። ሃምሳ ዓመት የሞላት አስተማሪ ዘንግ ተሸክማ ስትሄድ አይቶ የማይስቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጉዞዬ ወደ ውድድር ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ስምንት ጥንድ ሆነን ጊቤ ወንዝ እንወርድና ቢልጫ በማጥመድ እንወዳደራለን። ቢልጫ ወርቅማ ቅርፊት ያለው፣ ሲያዝ ክንድ የሚገነጥል ብርቱ ዓሣ ነው። ትል፣ ሊጥ፣ ሥጋ የሚባል ነገር ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ማባበያ ብቻ ነው። ማባበያ የምንለው መንጠቆ ላይ የሚታሰረውን፣ ዓሣውን ምግብ መስሎ የሚያታልለውን ነገር ነው። አንድ ጥንድ ሦስት ብቻ ይዞ ይቀርባል፤ ዳኛው ሣጥኑን ካየ በኋላ መለወጥ የለም። ዓሣው በሣንቃ ላይ ይለካና ይለቀቃል፣ የረዘመው ያሸንፋል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ መጨረሻ የወጣ ጥንድ ደግሞ ቦታውን ለተረኛ ይለቃል።

አምና መጨረሻ የወጣነው እኛ ነን። እኛ ማለት እኔና ጋሽ ሱልጣን፣ የቡታጅራው ልብስ ሰፊ። ቡታጅራ ሳስተምር ጎረቤቴ ነበሩ። ባለቤቴ በሞተ ዓመት ቤቴን ዘግቼ ስቀመጥ በሬን አንኳኩተው "ተነሺ፣ ወንዝ እንውረድ" ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ዘንግ አያያዝም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። እኔ አዲስ አበባ ስላለሁ ሌላ መዝናኛ አላጣም፤ እሳቸው ግን ሱቃቸውን ዘግተው የሚወጡት ለዚህ ብቻ ነው። ከውድድሩ ከወጡ ምን ይቀራቸዋል እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። ዘንድሮ መጨረሻ ላንወጣ ምዬ ነው የተነሳሁት።

ቡኢ ላይ ለቁርስ ወረድን። እንቁላል ፍርፍር በዳቦ በመቶ ሃምሳ ብር በላሁና ከአንዲት ባለሱቅ የሚያብረቀርቅ የሻይ ማንኪያ መረጥኩ።

"አንድ ብቻ?" አለችኝ።

"አንድ ይበቃኛል። ዓሣ ልይዝበት ነው።"

ማንኪያውንም እኔንም አየችና፣ "በሹካ አይሻልም?" አለችኝ። ሠላሳ አምስት ብሯን ከፍዬ እየሳቅኩ ወጣሁ።

ቡታጅራ አምስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጋሽ ሱልጣን ጁምዓ ሰግደው እስኪመለሱ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ሲመጡ ገና ከመንገድ ማዶ፣ "መሲ! ምነው ከሳሽ?" አሉኝ።

"ጋሽ ሱልጣን፣ አምስት ኪሎ ጨምሬያለሁ!"

"እንግዲያው ዓይኔ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ግቢ።"

ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ ያለንን ሁሉ ዘረገፍን። የእኔ ኩራት የእህቴ ልጅ ከውጭ የላከልኝ የፕላስቲክ ዓሣ ነው፤ ብርማ ሆድ፣ ቀይ ጉሮሮ፣ የሚያፈጥ ዓይን አለው፤ እንኳን ዓሣ ሰው ያማልላል። የእሳቸው ደግሞ በትንሽ እርሳስ ላይ የተጠቀለለ ጥቁር የሹራብ ክር ነው። እውነቱን ልናገር፣ አስቀያሚ ነው።

"ወንዙ ገና አልጠራም" አሉኝ። "ድፍርስ ውኃ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጥቁር ግን ጥላው ይታያል። ቢልጫው ርቦት እኮ ነው የሚወጣው፣ ሰርግ ሊሄድ አይደለም።"

"አምናም በጥቁር ክር ነው መጨረሻ የወጣነው!"

"አምና ጥፋቱ የክሩ አይደለም፣ ያንቺ ነው። ሌባ እንደሚያባርር ሰው እየሮጥሽ ትጎትቺዋለሽ።"

ተናደድኩ። እውነት ስለሆነ ይሆናል። በመጨረሻ አንድ የእኔ፣ አንድ የእሳቸው ይሁን ተባባልን። ሦስተኛው ላይ ማንኪያዬን ባልዲ ውኃ ውስጥ ሞከሩትና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከብረት ቀንድ ይሻላል፣ ቀለሙ ወንዙን ይመስላል፣ ውኃ ውስጥም ቀስ ብሎ ይወዛወዛል አሉ። የቀንድ ማንኪያ የት እንደማገኝ አውቅ ነበር።

ቅዳሜ፦ ተራራውን ተሻግሮ ወደ አገናና ወልቂጤ

ቅዳሜ ጠዋት ከቡታጅራ ወደ አገና የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን፤ ለሰው ሁለት መቶ ብር። መንገዱ ተራራውን ሲወጣ ብርዱ መጣ፣ ጉሙ መጣ። የተሳፈረው ሁሉ መስኮት ዝጉ ሲል ጋሽ ሱልጣን ብቻ ክፈቱ ይላሉ፤ ከተራራው ማዶ ወደ ጊቤ የሚወርዱትን ጅረቶች ቀለም ማየት ፈልገው ነው። ከጅረቶቹ አንዱን አይተው፣ "ቀይ ነው" አሉና በክርናቸው ጎሸሙኝ። ከዚያ ቁልቁል ስንወርድ እንሰቱ በየቤቱ ዙሪያ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ጀፎረው ሣር ለብሶ ተንጣሎ ታየ። እንዲህ ያለ ሰፊ የመንደር መንገድ ሳይ ጫማዬን አውልቄ መሄድ ያምረኛል።

አገና መጀመሪያ የተመደብኩባት ከተማ ናት። የቤት አከራዬ የነበሩት እማማ ውድነሽ አንገቴን አቅፈው አንዴ ያለቅሳሉ፣ አንዴ ይሳደባሉ። ስልክ ሳልደውል በመምጣቴ ነው ስድቡ። ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር ቀረበ፣ "በሞቴ" ተባለ፣ በላን፣ እንደገና "በሞቴ" ተባለ። የመጣንበትን ስነግራቸው እጀታው የተሰበረ የቀንድ ማንኪያ አውጥተው ሰጡኝ። ጋሽ ሱልጣን በወስፌ ሁለት ቦታ በሱት፣ መንጠቆ አሰሩበት። ባልዲ ውስጥ ስንስበው ልክ እንደ ሰነፍ ዓሣ ተወዛወዘ። በደስታ አጨበጨብኩ።

ልንወጣ ስንል እማማ ውድነሽ ማባበያውን ለመንገድ እንዲመች ብለው ወደ ጓዳ ወስደው በኮባ ጠቅልለው አመጡልኝ። የተጠቀለለ ስጦታ ሰጪው ፊት አይፈታም፣ ስለዚህ እንዳለ ሣጥኑ ውስጥ ጨመርኩት። አመሻሽ ላይ ወልቂጤ ገባን፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ ወደ አንድ ንጹሕ ፔንሲዮን ሄድንና በጊዜ ተኛን።

እሑድ፦ ጊቤ

እሑድ ገና ሳይነጋ በጓደኞቻችን ሚኒባስ የጅማን መንገድ ይዘን ቁልቁል ወደ ጊቤ ወረድን። ከወልቂጤ ብርድ ወጥተን ከታች ሙቀት ተቀበለን። ወንዙ የሻይ ቀለም ነበር፣ ወተት ጠብ ያለበት ሻይ። ጋሽ ሱልጣን አይተው ፈገግ አሉ።

ዳኛችን ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ መለኪያ ሣንቃቸውን እንደ ታቦት ነው የሚይዙት። የእኛን ሣጥን ከፍተው ኮባውን ሲፈቱ ቆም አሉ። ማባበያው በቅቤ ወዝቶ ያብረቀርቃል! ለካስ እማማ ውድነሽ ቀንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ብለው፣ በቤታቸው ያለውን ማንኪያ ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ጥሩ አድርገው ቀብተውታል።

ጋሽ ወልዴ አሸተቱት። "መሲ፣ ይሄ ከነኮሰረቱ ነው" አሉ። ሰባቱ ጥንድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ቅቤ ምግብ ነው፤ ቀንዱ ተከለከለ፣ ምትክ የለም። በሁለት ማባበያ ቀረን።

ውድድሩ አንድ ሰዓት ላይ ተጀመረ፣ የሚያበቃው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እኔ የፕላስቲክ ዓሣዬን ይዤ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆምኩ፤ ጋሽ ሱልጣን ጥቁሩን ጥቂት ወረወሩና ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። በውድድር መሃል ይቀመጣሉ? እኔ ነኝ የምጨነቅላቸው፣ እሳቸው ነፋስ ይቀበላሉ! ከብት ሊያጠጣ የመጣ አንድ ገበሬ ሌላ ጥንድ ዓሣ ለክቶ ሲለቅ አየና፣ "ይዛችሁ ትለቁታላችሁ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ምን አድርጓችሁ ነው የምታንገላቱት?"

ያን ሰዓት እኔም እየተንገላታሁ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ሰባቱም ጥንድ ዓሣ ይዟል፤ ትንሹ ሃያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር። የእኛ ምንም የለም። ንዴት ያዘኝ፣ የፕላስቲክ ዓሣዬን ከቋጥኝ ጀርባ ወረወርኩት፣ ቋጥኙ ያዘው፣ ጎተትኩት፣ ክሩ ተበጠሰ። ያ ሁሉ ዓይኑ፣ ያ ሁሉ ቀይ ጉሮሮው ጊቤ ገባ።

ወደ ጥላው ሄጄ፣ "ጋሽ ሱልጣን፣ ጨረስኩት። ይነሡ፣ እርስዎ ይወርውሩ" አልኳቸው። እንባዬ ደርሷል።

ዘንጋቸውን ሰጡኝ። "አንቺ ወርውሪ። እኔ እነግርሻለሁ።"

አጠገቤ ቆሙ። ጥቁሩን ወረወርኩ፣ መሳብ ስጀምር፣ "ተይው። ይስመጥ" አሉኝ። "አሁን ትንሽ። ተይው። የሐር ጨርቅ እየሰፋሽ ነው በይ፣ መርፌውን ከሳብሽው ይጨማደዳል።" እንዲህ ስንል ግማሽ ሰዓት አለፈ። ማዶ ያሉት ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል። ከዚያ ክሩ ቆመ። ድንጋይ መሰለኝ። ድንጋዩ ሄደ!

"ያ ረቢ! ያዢ! አትሩጪ!"

አልሮጥኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታግሼ አላውቅም። ወርቅማው ጎኑ ብቅ ሲል፣ ሲጠልቅ፣ በመጨረሻ ጋሽ ሱልጣን እስከ ጉልበታቸው ውኃ ገብተው በመረቡ አፈሱት። ጋሽ ወልዴ ሣንቃቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር። አራተኛ ወጣን። ጮኽኩ፣ ጋሽ ሱልጣንን አቀፍኳቸው፣ እሳቸው ግን በቀኝ ትከሻቸው በኩል ሸሸት አሉ።

ወደ ቤት

ስምንት ሰዓት ላይ ወልቂጤ መናኸሪያ ነበርን። እሳቸው ወደ ቡታጅራ፣ እኔ ወደ አዲስ አበባ። "እንግዲህ ቦታዎ አልተወሰደብዎትም፣ ዓመቱን ሙሉ የተጨነቅኩት ለዚህ ነው" አልኳቸው።

ጋሽ ሱልጣን ግራ ገብቷቸው አዩኝ። "የኔ ቦታ? መሲ፣ ይህ ትከሻ ከታመመ ሁለት ዓመት አለፈው። ሐኪሙ ዘንግ እንዳትወረውር ብሎኛል። እኔ ከቀረሁ አንቺም ትቀሪያለሽ፣ ተመልሰሽ ቤት ትዘጊያለሽ ብዬ ነው እንጂ።"

መናኸሪያው መሃል ቆሜ ማልቀስና መሳቅ አንድ ላይ መጣብኝ። ከእንግዲህ እንደማይወረውሩ፣ መምረጥና ማዘዝ ብቻ የእሳቸው እንደሆነ፣ ያለ እሳቸው ግን እንደማልሄድ ነገርኳቸው። "ካልሮጥሽ፣ ኢንሻአላህ" አሉና ሚኒባሳቸው ውስጥ ገቡ።

በወሊሶ በኩል አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ቤቴ ገባሁ። የተማርኩት ብዙ ነው፦ ድፍርስ ውኃ ጥቁር ይፈልጋል፣ የሰው ስጦታ ከጉዞ በፊት ተፈቶ ይታያል፣ ዓሣ የሚያማልለው እኔን የሚያማልለኝ አይደለም። ግን መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ይህን አይደለም። ለእሳቸው ብዬ ወንዝ የምወርድ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የታመመ ትከሻቸውን ደብቀው የሚወርዱት ለእኔ ሲሉ ነበር።