የቀኝ እግሩ አፈር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። በእኛ ቤት ዘመን የሚቆጠረው በላም መውለድና በበሬ መሞት ስለነበር፣ እናቴ ብትኖር ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ቢቸና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ የመጀመሪያውን ዝናብ ጠጥቶ የእግር ዱካ መያዝ ጀምሮ ነበር። እኔም ዐሥር ይሁን ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ነገሩን ያስታወሱኝ የዛሬ ልጆች ናቸው። ሰሞኑን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለ ውጭ አገር ኳስ ሲከራከሩ ሰማሁ። የሚደግፉትን ቡድን ዋና አጥቂ ባላንጣቸው ሊወስድባቸው ነው አሉ።

"ይሄዳል ስልህ! ሰውየው ቤት ሁሉ አይቶ ተመልሷል።"

"የት አባቱ ይሄዳል? ውል አለበት እኮ!"

"ልቡ ከሄደ በኋላ ውል ምን ያደርጋል?"

"እንግዲያው እግሩን አስሮ ማስቀረት ነዋ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሻዩ አልወርድ አለኝ። አንዱ ልጅ አየኝና "አባባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። "የለም ልጄ፣ ትኩስ ሆኖብኝ ነው" አልሁት። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቶ ነበር።

በእኛም ጊዜ እንዲህ ያለ ክርክር ነበር። የምንከራከርበት ሰው ግን ባሕር ማዶ ሳይሆን ከቤታችን ሦስት ቤት አልፎ ነበር የሚኖረው። ይበልጣል ይባላል። ከእኔ ሁለት ዓመት ያህል ከፍ ይላል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ከቀኝ እግሩ ጋር የተወለደች የምትመስልለት ልጅ ነበር። አዘቦት ቀን የምንጫወተው በጨርቅ ኳስ ነው። ግጥሚያ ሲኖር ግን ትምህርት ቤቱ የቆዳ ኳሱን ያወጣል። ቆዳው እንዳይደርቅ ሞራ ይቀቡታልና ሽታው ከሩቅ ይመጣል። እስከ ዛሬ ሞራ ሲሸተኝ እግሬን የሚበላኝ ነገር አለ።

እኔ በረኛ ነበርሁ። ደህና በረኛ ነበርሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ልጆቹ "ወንፊት" ነበር የሚሉኝ፤ ሁሉን ያሳልፋል ለማለት ነው። ሊያስወጡኝ በተነሡ ቁጥር ይበልጣል "በረኛዬ እሱ ነው፤ እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ" ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ወንድም አልነበረኝም። ከጨዋታ በኋላ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤት ሲወስደኝ ከተማው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ በጋ የሞጣ ልጆች በጭነት መኪና ተጭነው መጡና ተሸንፈው ሄዱ። ሁለቱንም ጎል ያገባው ይበልጣል ነው። ከዚያ ወዲያ የመኪናው ባለቤት፣ አንድ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ፣ በየገበያው ቀን ይበልጣልን ፈልጎ ያናግረው ጀመር። መጀመሪያ ከረሜላ፣ ቀጥሎ ደብተር፣ በመጨረሻ እውነተኛ ታኬታ ጫማ ይዞለት መጣ። ከቤቱ ሊያሳድረው፣ ሞጣ ሊያስተምረው፣ ለሞጣም ሊያጫውተው ነው። ይበልጣል አባት የለውም፤ እናቱ ጌሾ እየሸጡ ነው የሚያሳድጉት። ክረምት ከጠነከረ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን መኪና እስከ መስከረም አይመጣም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ሊወስደው ተቀጣጠሩ።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ክርክሩ የሚደራው ከልብስ ሰፊው ከአያ ፈንቴ በረንዳ ላይ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ዘውዱ ልጁ ይሂድ ባይ ነው።

"ተዉት ይሂድ። ሞጣ ሄዶ ቢማር ሰው ይሆናል።"

"ሰው ለመሆን ሞጣ ድረስ?" አለ አያ ፈንቴ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ። "እኛ እዚህ ምንድን ነን፣ ዝንጀሮ?"

"አንተማ ከዚያች መኪና ላይ ከተጎለትህ ወዲህ ጎብጠህ ጎብጠህ ልትመስል ምንም አልቀረህ።"

"ዘውዱ! በቀደም ሞጣዎች ሲሸነፉ ጋቢህን ወደ ሰማይ የወረወርኸው አንተ አይደለህም? አሁን ጠመንጃውን ከነጥይቱ እናስረክባቸው?"

ሰው ተንጫጫ። አያ ፈንቴ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣና "ለመሆኑ" አለ፣ "ከገበያ የተገዛች ላም ወደ ዱሮ ቤቷ እንዳትመለስ ምን ይደረጋል? የኮቴዋ አፈር ተዝቆ ከበረቱ ደፍ ሥር ይቀበራል። ለልጁም ይቺን ማድረግ ነው!"

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ከአምበር ገበያ ላም ገዝቶ ሲመጣ ይህንኑ ሲያደርግ በዐይኔ አይቻለሁ። ላሚቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደመጣችበት መንገድ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሜዳው ሄድሁ። ትልልቆቹ "ቀትር የሰው አይደለም" ይሉን ነበር። በዚያ ሰዓት ብቻውን ሜዳ ላይ የሚዞር ልጅ የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ የባሕር ዛፎቹ ጥላ ከግንዳቸው ሥር ተሰብስቧል። ወፍ እንኳ ዝም ብሏል። ይበልጣል ጠዋት ሲለማመድ ስላየሁት የቀኝ እግሩን ዱካ ለማግኘት አልተቸገርሁም፤ አምስቱም ጣቶቹ ጭቃው ላይ ተለይተው ይታያሉ። አፈሩን በመዳፌ ዛቅሁት። ከአያ ፈንቴ በረንዳ በለቀምኋት ቁራጭ ጨርቅ ቋጠርሁና ከጎሉ ቀኝ ቋሚ ሥር ቆፍሬ ቀበርሁት።

አፈሩን በእጄ እየጠቀጠቅሁ ሳለ ከኋላዬ ድም የሚል ሰማሁ። ኳስ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ አልሳሳትም። ዞርሁ። ማንም የለም። ኳስም የለም። ሣሩ አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ እንዴት እንደሮጥሁ አሁን ሳስበው ያደክመኛል።

በሦስተኛው ቀን ይበልጣል ማነከስ ጀመረ። "ጠዋት ደህና ነኝ" አለኝ። "ቀትር ሲሆን ግን እግሬን ከመሬት የሚይዘኝ ነገር አለ። እንደ እጅ ነው የሚይዘኝ።" ወጌሻው መጥተው አሹት። እብጠት የለ፣ ቁስል የለ። "አጥንቱም ደህና፣ ጅማቱም ደህና" አሉ፤ ቆየት ብለው ደግሞ እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ "እግሩ ግን ከጉድጓድ እንደወጣ ድንጋይ ቀዝቅዟል" አሉ። ጠበልም ተወሰደ፤ ጠበሉ ለሌላው ገላው እንጂ ለእግሩ እንቢ አለ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ነጋዴው መጣና ይበልጣል በዱላ ተደግፎ ሲያዘግም አየው። "በሚመጣው ገበያ እመለሳለሁ፤ የመጨረሻዬ ናት። ከዚያ በኋላ መንገዱ አይቻልም" ብሎ ሄደ። በአያ ፈንቴ በረንዳ ላይ ደግሞ ወሬው ተለውጦ ነበር። "ሞጣዎች ናቸው ያስደገሙበት፤ እኛ ካልወሰድነው ማንም አይጫወትበት ብለው ነው!" ይላሉ። ሁሉም ሞጣን ይረግማል። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እርግማኑ አንድ በአንድ እላዬ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር አየሁ። ተቆርጦ ከተተከለ ስንት ጊዜው የሆነው የጎሉ ቀኝ ቋሚ ቅጠል አወጣ። የግራው ደርቆ እንደቆመ ነው። ልጆቹ ሁሉ እየሄዱ አዩት፤ "ጉድ ነው" ብለው ሳቁ። እኔ ግን ወደዚያ ቋሚ መቅረብ አቃተኝ። እህል ከአፌ አልገባ አለ። እንቅልፍም እንደዚሁ።

በመጨረሻ ለአባቴ መንገር ፈራሁና ለይበልጣል እናት ልነግር ሄድሁ። የደረቀ ጌሾ ቅጠል እየለቀሙ ከግንዱ ይለያሉ። ያ መራራ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ይበልጣል ውስጥ ተኝቷል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኋቸው። እጃቸው መልቀሙን አላቆመም ነበር፤ "አፈር" ስል ቆመ።

"የትኛውን እግር?" አሉኝ።

"ቀኙን።"

"በየትኛው ቋሚ?"

"በቀኙ።"

ይመቱኛል ብዬ ጭንቅላቴን በእጆቼ ሸፈንሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፉና "ተነሥ" አሉኝ። ውጭው ቀትር ነበር።

በገዛ እጄ አስቆፈሩኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ጉድጓዱ በቆፈርሁት ቁጥር ውኃ ይሞላል፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ጨርቋን አገኘኋትና አወጣኋት። እትዬ ፈቷት። ያ ሁሉ ጭቃና ውኃ ከቧት ሳለ አፈሩ እንደ ዱቄት ደርቋል። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሞቆ ነበር። ፀሐይ እንዳይባል ከምድር ውስጥ ነው የወጣው። እንደ ሰው ገላ ነው የሚሞቀው። የልጁ እግር ቀዝቅዞ ቤት ተኝቷል፤ ሙቀቱ እዚህ እጄ ላይ ነው።

"እትዬ፣ ገደልሁት?" ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ።

እሳቸው ከጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። "ዝም በል፤ አንተ ብቻ አይደለህም" አሉኝ። "እኔም እንዳይሄድብኝ ተስያለሁ። ልጄን ካስቀረሽልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ለማርያም። አንተ በአፈር፣ እኔ በስለት፤ ልጁን ከሁለት ወገን ጨምድደነዋል። ምን ያድርግ እግሩ?"

ቀጥለው ደግሞ "ሰው ላም አይደለም ልጄ" አሉ። "ላም ያሰርህባት ትኖራለች። ሰው ካልለቀቅኸው ቢቀርም ያንተ አይደለም።"

ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ይዘውኝ ሄዱ። መኪናው በሚሄድበት የጎማ ዱካ ላይ አፈሩን ቆንጠር ቆንጠር እያደረግሁ እንድበትን አዘዙኝ። "ልቀቁልኝ በል" አሉ። "ማንን ነው እትዬ?" ብል "ማንንም። መሬት ትሰማለች" አሉኝ። ነጠላቸውን አደግድገው እሳቸውም ከጎኔ በሹክሹክታ የራሳቸውን ይላሉ። "ጃንጥላሽን አስገባለሁ፤ ይሂድልኝ" ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እንደገና ጀመሩት። መዳፌ ባዶ እስኪሆን ድረስ ወደ ደብረ ወርቅ አቅጣጫ ብዙ ሄደናል። ከዚያ እርጥብ ሣር ነጭተው እጄን አሹልኝ።

ስንመለስ ይበልጣል ከደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ያለ ዱላ። "እማዬ፣ የት ሄዳችሁ ነው?" አለ። እናቱ ጎንበስ ብለው ቀኝ እግሩን ያዙና ጥቂት ቆዩ። ሲቃኑ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ይሁን ሐዘን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። "ሞቋል" አሉኝ።

በመጨረሻዋ ገበያ ቀን ይበልጣል ጭነት መኪናው ላይ ወጣ። እኔ ከሰው ኋላ ተደብቄ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ "ወንፊት! ጎሉን ዝጋ!" ብሎ ጮኸልኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ።

ከመስከረም በኋላ ከሞጣ ልጆች ጋር መጣና አንዲት ጎል አገባብኝ። ከበረንዳው ወገን መጀመሪያ ተነሥቶ ያጨበጨበው ያ ሞጣን ሲረግም የከረመው አያ ፈንቴ ነው። ይበልጣል ሮጦ መጥቶ ከመሬት አነሣኝ። "ይቺን እኔም ብሆን አልይዛትም" አለኝ። ሞጣ ቀረ፤ ተማረ፣ ሾፌር ሆነ፣ ወለደ፣ ከበደ። እንገናኛለን፤ በስልክም እንጠያየቃለን። አፈሩን ግን አልነገርሁትም። እናቱም እስኪሞቱ አልነገሩትም። ይህን የልጅ ልጁ ያነብለት ይሆናል። ይበልጣል፣ ወንድሜ፣ እኔ ነበርሁ።

የዛሬዎቹ ልጆች ቢቸና የምትባል አገር መኖሯን በማያውቅ ሰው ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ሳያቸው ፍቅራቸው ከእኛ ፍቅር አያንስም። ልዩነቱ የእነሱ እጅ አለመድረሱ ነው፤ የተጫዋቹ ዱካ ባሕር ማዶ ነው። የእኛ እጅ ይደርስ ነበር። የምንወደው ሰው ጠዋት ከምንጭ ውኃ ሲቀዳ እናየዋለን፤ እግሩ የረገጠውን እንረግጣለን። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ አላውቅም። ያ ዘመን ይናፍቀኛል፤ ያን ቀትር ግን ለማንም ልጅ አልመኝም።

ያን ክረምት ብቻዬን ብሆን ኖሮ አእምሮዬን እስት ነበር። በየቀኑ ቀትር ሲሆን ያቺ የኳስ ድምፅ በጆሮዬ ትመጣለች። እትዬ ይህን እንዴት እንዳወቁ እንጃ፤ ልክ በዚያ ሰዓት "ና ጌሾ ልቀምልኝ" ብለው ያስጠሩኛል። ልጃቸውን በሸኙበት ቤት ከፊታቸው አስቀምጠው ተረት ያወሩልኛል። ሰዓቱ ሲያልፍ "በል አሁን ሂድ ተጫወት" ይሉኛል። አንድም ቀን ስለ አፈሩ አንሥተው አያውቁም። ከተማው "የይበልጣል እናት" ነበር የሚላቸው። ስማቸው ግን አንጓች ነው፤ እትዬ አንጓች።