ባሕር የተሻገረው ጃንጥላ

ረቡዕ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ሃግሴትራ፣ ስዊድን

የሰኔ ፀሐይ ከመጀመሪያው ባቡር ቀድማ ወጥታ ጠበቀችን። በሻንጣዬ ውስጥ አራት ወፋፍራም መጻሕፍትና በሰዓት የተከፋፈለ ዕቅድ አለ፤ በቀርጤስ ደሴት ጠረፍ ሦስት ሙዚየሞች፣ አንድ ምሽግ፣ ጊዜ ከተረፈ ምሳ። አክስቴ እትዬ በላይነሽ የጨነቃቸው ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ባለ ወርቅ ዘርፍ ቀይ የከፋይ ጃንጥላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ በላይነሽ የስዊድንን አረጋውያን ለዓመታት ሲያነሡና ሲያስተኙ ኖረው በመጨረሻ ጉልበታቸው ከዳቸው። በቀዶ ሕክምናው ዕለት፣ «እመቤቴ፣ ያለ ምርኩዝ አቁሚኝ እንጂ ባሕር ተሻግሬ፣ በእግሬ ቤትሽ ድረስ ጃንጥላ አገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ቆሙ። ስለቱ ግን ሳይገባ ዓመት አለፈ፤ ጉልበታቸውን ቆርጠም ባደረጋቸው ቁጥር «አየህ፣ እያስታወሰችኝ ነው» ይላሉ። ስለቱንና ሙዚየሞቹን በአንድ ትኬት ማዋሐድ የእኔ ሐሳብ ነበር።

ረቡዕ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አየር ማረፊያ

ፈታሿ ጃንጥላውን ዘርግታ ዙሪያውን ተመለከተችው። ስለ ስለት ምንነት አጭር ማብራሪያ ጀመርኩ።

«ለፀሐይ ነው?» አለች አቋርጣኝ።

«ለማርያም» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ጥርት ባለ ስዊድንኛ።

አሳለፈችን።

ኀሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ሃንያ ከተማ፣ ቀርጤስ

ቀለማቸው የተላጠ ቢጫና ሮዝ ቤቶች፣ የዓሣ ጥብስ ሽታ፣ በገመድ ላይ እንደ ልብስ የተሰጣ ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ። እትዬ በላይነሽ አይተውት አማተቡ። በዕቅዴ ቀዳሚው የቅዱሳት ሥዕላት ሙዚየም ነው፤ ሕንፃው ጥንት በእመቤታችን ስም የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ለእትዬ በላይነሽ የነገርኳቸው የጥንቱን ብቻ ነው። የዛሬውን ከጉብኝቱ በኋላ ላስረዳ አስቤ ነበር፤ ይህን ያደረግሁት ከክፋት ሳይሆን ሰዓት ለመቆጠብ ነው።

ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ዕቃ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ፣ በር ላይ የቆመችው ጠባቂ ጃንጥላውን በሁለት እጇ ተቀብላ ቁጥር ያለው ካርድ ሰጠቻቸው። ካርዱን ሳሙት። ከዚያም እልልታቸውን አቀለጡት።

ጣሪያው አስተጋባ። በአጠገባችን የነበሩ የስዊድን ቱሪስቶች አጨበጨቡ። ቁምጣ የለበሱ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ «ቀጣዩ ትርኢት በስንት ሰዓት ነው?» ሲሉ በትሕትና ጠየቁኝ። ሁለት ሴቶች ደግሞ ደንቡ መስሏቸው ጫማቸውን አወለቁ።

ስንወጣ ጠባቂዋ ካርዱን ወስዳ ጃንጥላውን መለሰች።

የእትዬ በላይነሽ ፊት አመድ መሰለ። «መለሰችብኝ?»

«እመቤታችን አይደለችም፤ የሙዚየሙ ደንብ ነው።»

«የምን ሙዚየም?»

እውነቱን ተናዘዝኩ።

«አንተ ልጅ፣ ስንት መጽሐፍ አንብበሃል?»

«ብዙ።»

«በስለት እንደማይቀለድ የሚጽፍ አንድ ሰው ጠፋ?»

ጠባቂዋ የሆነውን ስነግራት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ኮረብታው ጠቆመች። እዚያ ላይ እስከ ዛሬ የሚቀደስባት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ መንገዱ ደረጃ ብቻ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። በታክሲ ዞሮ መድረስ እንደሚቻልም ነገረችኝ።

«በእግሬ ነው ያልኩት» አሉ እትዬ በላይነሽ፤ ደረጃውን መውጣት ጀምረዋል።

ኀሙስ፣ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ደረጃው ላይ

በጀርባዬ ያዘልኳቸውን መጻሕፍት ሆቴል አለመተዌ ስሕተት ነበር።

«ቀዶ ሕክምና ያደረገው ማነው?» አሉኝ ወደ ኋላ ዞረው። «ምነው አለከለክህ?»

ከእኩሌታው በላይ ስንደርስ ግን ጉልበታቸው ተያዘ። ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ላብ ግንባራቸውን አጠበው። «ዛሬ ካልደረስኩ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከእንግዲህ በምን አፌ እለምናታለሁ?»

ትከሻዬን አቀረብኩ።

«የለም፤ ያለ ድጋፍ ብያለሁ። ጃንጥላውን አንተ ያዝ፤ እግሬን እኔ ልያዝ።»

አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት፤ አንድ ደረጃ፣ ዕረፍት። ሁለተኛው ሙዚየም ከዕቅዴ ወጣ፤ ሰዓቴን አላየሁም።

ኀሙስ፣ ስድስት ሰዓት፣ ኮረብታው ላይ

ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ በሩን ሊቆልፉ ቁልፉን ሰክተዋል። እትዬ በላይነሽ ጃንጥላውን ተቀብለውኝ፣ ስለታቸውን በአማርኛ እየተናገሩ በሽማግሌው እጅ ላይ አኖሩት። ሽማግሌው አንዲት ቃል አልገባቸውም፤ ግን ጃንጥላውን ሳሙት፣ በሩን መልሰው ከፈቱ፣ የእመቤታችን ሥዕል ፊት አድርሰው ረዥም ጸሎት ጸለዩ። እልልታው እስከ ወደቡ ሳይሰማ አልቀረም።

ከዚያም ሽማግሌው ጃንጥላውን እንደ ያዙ ወጡ፣ በሩን ቆለፉ፣ ቀና ብለው ፀሐዩን አዩ፤ ዘረጉትና በጥላው ሥር ወደ ምሳቸው ይወርዱ ጀመር።

«አባቴ! ይህ እኮ ንዋየ ቅድሳት ነው!» ብዬ ልከተላቸው ተነሣሁ።

እትዬ በላይነሽ እጅጌዬን ያዙኝ። «ተው፤ ሰጥቻለሁ። ጥላ የቸገረው ማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።»

ወርቃማው ዘርፍ እየተወዛወዘ በኮረብታው ቤቶች መካከል ሲወርድ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን አየነው። ሲሰወር እትዬ በላይነሽ እፎይ አሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ምንም ሳይደገፉ ብድግ አሉ።

«በል እንግዲህ፣ ያንን ምሽግህን አሳየኝ።»

እኔ ለመነሣት እጃቸውን ለመንኩ።